5 ኪሎ ሜትሩን በ28:30 ከሮጥኩ 10ሩን በስንት እገባለሁ? ሬሾ የምትችሉ ኑ

ሰኞ_እጀምራለሁ
ሰላም ለዚህ ቤት። ለህዳሩ ታላቁ ሩጫ ተመዝግቤያለሁ። ርቀቱ እንደምታውቁት 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ በልምምድ የለመድኩት ግን 5 ብቻ ነው፣ እሱም 28 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይፈጅብኛል። ሕልሜ ከአንድ ሰዓት በታች መግባት ነው። 12ኛ ክፍል የሚማር ታናሽ ወንድም አለኝ፣ የማያውቀው ነገር የለም። «ርቀቱ እጥፍ ከሆነ ሰዓቱም እጥፍ ነው፤ 57 ደቂቃ፤ አለቀ» አለኝ። እኔ ደግሞ 5ኛው ላይ ስደርስ ምን እንደምመስል ስለማውቅ፣ በዚያው ፍጥነት ሌላ 5 የሚለው ሂሳብ አልዋጥልኝ ብሏል። በማኪያቶ ተወራርደናል።

እግረ መንገዴን፣ ጂም ያለው አሰልጣኝ «1 ለ 2 እየሠራሽ ጀምሪ» ብሎኝ ነበር፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ሳልጠይቀው ወጣሁ። የመሮጫ ማሽኑንስ ስንት ላይ ነው የማደርገው?

ዝናብ_ፈሪ
57። ማኪያቶውን ክፈይ።

የጃንሜዳ_ልጅ
ወንድምሽ ፈተና ላይ ያልፋል፣ አስፋልት ላይ ይወድቃል። 10 ሮጦ ያውቃል?

ሰኞ_እጀምራለሁ
@የጃንሜዳ_ልጅ ታክሲ ሲያመልጠው ብቻ ነው ሲሮጥ ያየሁት።

ጥቁር_ሰሌዳ
እህቴ፣ ልጁን አትናቂው፤ ሂሳቡ እንደ ሂሳብ ስህተት የለበትም። 5 ለ28.5 እንደ 10 ለስንት ብሎ፣ አመሳቅሎ አባዝቶ፣ 57 አገኘ። ንጥጥርና ወደር (ሬሾና ፕሮፖርሽን) ሳስተምር ለዚህ ሙሉ ማርክ ነው የምሰጠው።

ነገር ግን ወደር የሚሠራው አንድ የማይነቃነቅ ነገር ሲኖር ነው። ከሱቅ ስኳር ስትገዢ የአንዱ ኪሎ ዋጋ አንድ ነው፤ ስለዚህ 10 ኪሎ የ5 ኪሎን እጥፍ ያስከፍልሻል። ሩጫ ላይ የኪሎው ዋጋ ቦታ የሚይዘው አንዱን ኪሎ ሜትር የምትጨርሺበት ሰዓት ነው። እሱ ደግሞ ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ይወደዳል። ወንድምሽ ሳያውቀው የሚለወጠውን ነገር የማይለወጥ አድርጎ ነው የጀመረው።

ታዲያ ምን ያህል ይወደዳል? ለዚህ ፒት ሪገል የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው ቀመር አለ፤ ዛሬም ብዙ የሩጫ ሰዓት ማስሊያዎች የሚጠቀሙበት ነው። የሁለቱን ርቀቶች ንጥጥር ትወስጂና በቀጥታ ከማባዛት ይልቅ በ1.06 ርቢ (ፓወር) ከፍ አድርገሽ ታባዢዋለሽ። የስልክሽን ካልኩሌተር ወደ ጎን ስታዞሪው የርቢው ቁልፍ ይወጣልሻል። 2 በ1.06 ርቢ 2.085 ይሆናል። ስለዚህ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱ በ2 ሳይሆን በ2.085 ይባዛል ማለት ነው።

28.5 × 2.085 = 59.42 ደቂቃ። ይኸውም 59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ።

ካልኩሌተር ለማይወድ አቋራጭ አለው፦ እጥፍ አድርጊና፣ በመጀመሪያው ሰዓትሽ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ደቂቃ 5 ሰከንድ ጨምሪ። 28 ተኩል በ5 ሲባዛ 142 ሰከንድ ገደማ፣ 2 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ማለት ነው። 57 ላይ ሲደመር 59:22። ከካልኩሌተሩ የሚለየው በ3 ሰከንድ ነው።

እውነት መሆኑን በቀነኒሳ በቀለ አረጋግጪው። 5,000 ሜትርን እ.ኤ.አ. በ2004 ሄንግሎ ላይ በ12:37.35 ሮጠ፤ 10,000ን በ2005 ብራሰልስ ላይ በ26:17.53። የ5,000ው እጥፍ 25:14.70 ነው። ቀነኒሳ እንኳ ከእጥፉ በላይ ሌላ 1 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ አስፈልጎታል። ሁለቱን ሰዓቶች ብታካፍያቸው 2.083 ይመጣል። ከ2.085 ጋር አስተያዪው።

ዝናብ_ፈሪ
ቀነኒሳን ካመጣችሁ እኔ ወጣሁ። ማኪያቶውን ወንድምየው ይክፈል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
@ጥቁር_ሰሌዳ ማራቶንስ ላይ ይሠራል?

ጥቁር_ሰሌዳ
በዚያው በቀነኒሳ እንየው። ማራቶን 42.195 ነው፤ ከ10 ጋር ያለው ንጥጥር 4.2195። የ26:17.53ን ሰዓት በቀጥታ ብታባዛው 1:50:56 ይወጣል። በ1.06 ርቢ ካደረግከው ደግሞ 4.6 ይሆንና 2:00:57 ይሰጥሃል። እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ የገባበት ሰዓት 2:01:41 ነው። ቀጥታው ሬሾ ከ10 ደቂቃ በላይ ሳተ፤ ቀመሩ በ44 ሰከንድ። በሁለቱ ውድድሮች መካከል 14 ዓመት መኖሩን አትርሳ፤ የ23 ዓመት ልጅና የ37 ዓመት ሰው ነው እያወዳደርን ያለነው።

የጃንሜዳ_ልጅ
ቲቸር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ለእርስዎ የሚመች ሯጭ መርጠዋል። ለተሰንበት ግደይን ያምጧት። 5,000 ቫሌንሲያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 በ14:06.62፣ 10,000 ሄንግሎ ላይ በ2021 በ29:01.03። ሁለቱም ያኔ የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ። አካፍያቸው 2.056 ነው የመጣልኝ። በእርስዎ ቀመር 29:25 መግባት ነበረባት፤ በ24 ሰከንድ ቀደመችው። በሩጫ 24 ሰከንድ ቀልድ አይደለም፣ ከ130 ሜትር በላይ ነው።

ጥቁር_ሰሌዳ
ጥሩ አድርገህ ነው ያመጣኸው። 1.06 የብዙ ሰው ሰዓት ተሰብስቦ መሃሉ የወጣ ቁጥር ነው እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ርቀቱ በረዘመ ቁጥር እየተሻላት የሚሄድ እንደ ለተሰንበት ያለች ሯጭ ቁጥሯ ያንሳል። ፍጥነት ኖሮት ርቀት ያልሠራ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ጠያቂያችን እስካሁን ከ5 በላይ ሮጣ እንደማታውቅ ነው የነገረችን። ስለዚህ በ1.08 እንሞክረው፦ 2 በ1.08 ርቢ 2.114፣ ሲባዛ በ28.5፣ 60 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። ሕልሟ በ15 ሰከንድ አመለጠ። በ1.06 ግን 35 ሰከንድ ይተርፋታል። እንግዲህ ከአሁን እስከ ህዳር የሚሠራው ሥራ ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። ፍጥነት ሳይሆን ርቀት ጨምሪ፤ በሳምንት አንዴ፣ ዝግ ብለሽ፣ 7 እና 8 ኪሎ ሜትር።

ሰኞ_እጀምራለሁ
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ለወንድሜ ሳነብለት ዝም አለ፤ እሱ ዝም ሲል ማየት በራሱ ማኪያቶ ነው። አንድ ነገር ግን፦ 28.5ን ለ5 ሳካፍል ካልኩሌተሩ 5.7 ይለኛል። አፑ ደግሞ 5:42 ይላል። የትኛውን ልመን?

ቀስ_በቀስ
ሁለቱም አንድ ናቸው። ደቂቃ 60 ሰከንድ ነው እንጂ 100 አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ60 አባዢው፦ 0.7 × 60 = 42። 5.7 ማለት 5 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ነው። ጂም ውስጥ 5.7ን «አምስት ደቂቃ ከሰባ ሰከንድ» ሲል የሰማሁት ጎልማሳ አለ፣ ያውም የባንክ ሰው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ማሽኑን በተመለከተ ልግባ። መጀመሪያ ማሽኑ በኪሎ ሜትር ይሁን በማይል እዪ። እኛ አሜሪካ ያለን በማይል ነው የምንቸገረው፤ አዲስ አበባም ጂሞች ውስጥ በማይል የሚቆጥሩ ማሽኖች አይቻለሁ፣ ሰው 10 ላይ አድርጎ ተወርውሮ ሊወድቅ ሲል ጭምር።

ማሽኑ የሚጠይቅሽ በሰዓት ስንት እንደምትሄጂ ነው፤ አንቺ የምታውቂው ደግሞ አንዱ ኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብሽ ነው። ሁለቱ ተገላባጭ ናቸው። 60ን ለ5.7 ስታካፍዪ 10.5 በሰዓት ይመጣልሻል። ማሽኑ በማይል ከሆነ ያንን ለ1.609 አካፍዪው፣ 6.5 ላይ አድርጊው። በቃል ለመያዝ የሚቀለው 5 ማይል 8 ኪሎ ሜትር ነው የሚለው ሬሾ ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር 6 ማይል ከሩብ ይሆናል። ትክክለኛው 6.21 ስለሆነ ለጂም ይበቃል።

ማሽኑ ላይ የዳገት ቁልፍም አለ። 1% ማለት በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ትወጫለሽ ማለት ነው። 10% ላይ አድርገሽ 1 ኪሎ ሜትር ከሄድሽ 100 ሜትር ወደ ላይ ወጥተሻል።

ዝናብ_ፈሪ
1 ለ 2 የተባለውስ ተረሳ እኮ። ይሄን እኔም አውቀዋለሁ፤ 1 ለ 2 ማለት ግማሽ ነው። 30 ደቂቃ ካላት 15 ሩጫ፣ 15 እርምጃ።

ቀስ_በቀስ
@ዝናብ_ፈሪ አይደለም ወዳጄ። 1 ለ 2 የሚያወዳድረው ሩጫውን ከእርምጃው ጋር ነው፣ ሩጫውን ከጠቅላላው ጋር አይደለም። አንድ እጅ ሩጫ፣ ሁለት እጅ እርምጃ፤ ተደምሮ ሦስት እጅ። 30 ደቂቃ ለ3 ሲካፈል 10 ነው። ስለዚህ 10 ደቂቃ ሩጫ፣ 20 ደቂቃ እርምጃ። ግማሽ በግማሽ የሚሆነው 1 ለ 1 ሲባል ነው።

እህቴ፣ አሰልጣኙ ያለሽ እንደዚህ ነው፦ አንድ ደቂቃ ትሮጫለሽ፣ ሁለት ደቂቃ ትራመጃለሽ፣ ይህንን 10 ጊዜ ትደጋግሚዋለሽ። 10 ደቂቃ በአንድ ላይ ሮጠሽ 20 ደቂቃ ትራመጃለሽ ማለት አይደለም፤ ንጥጥሩ አንድ ቢሆንም ሥራው ለየቅል ነው። ይህ ግን ከዜሮ ለሚጀምር ሰው የሚሰጥ ነው። አንቺ 5 ሳትቆሚ የምትሮጪ ከሆነ፣ ወይ አሰልጣኙ አላወቀሽም፣ ወይ ፈጣን ሩጫ ሊያሠራሽ ነው። ለፈጣኑ ከሆነ 1 ለ 2 ትርጉም አለው፦ 1 ደቂቃ አንጀት እስኪነካ፣ 2 ደቂቃ ሶምሶማ።

ሰኞ_እጀምራለሁ
አላወቀኝም። የመጣሁት በቀሚስ ነበር።

ጉልበቴን
ክሩን ሳይ ቆይቼ የራሴን ላምጣ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሮጠ ያውቀዋል፣ አቀበቱ ነፍስ ያወጣል። እኔ ስወጣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ነኝ፤ ስወርድ 12። አማካዩ 9 መሆን አለበት። አፔ ግን ሁልጊዜ 8 ነው የሚለኝ። አፑ ተበላሽቶ ነው ወይስ ዛፉ ሲግናል እየያዘበት ነው?

የጃንሜዳ_ልጅ
ዛፉ ሃሃሃ

ጥቁር_ሰሌዳ
@ጉልበቴን አፑ ደህና ነው። 6 እና 12ን ደምረህ ለ2 ስታካፍል፣ በሁለቱ ፍጥነቶች እኩል ጊዜ የቆየህ አስመስለህ ነው የምትቆጥረው። እኩል የሆነው መንገዱ ነው፣ ጊዜው አይደለም። መውጫው 5 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በ6 ስትወጣ 50 ደቂቃ፣ በ12 ስትወርድ 25 ደቂቃ። የጊዜው ንጥጥር 2 ለ 1 ነው፤ አቀበቱ ላይ እጥፍ ቆይተሃል፣ ስለዚህ 6 ከ12 ይልቅ እጥፍ ይከብዳል። ጠቅላላው 10 ኪሎ ሜትር በ75 ደቂቃ፤ ይኸው 8።

እንዲያውም አንድ ነገር ልጠይቅህ። በ6 ወጥተህ የደርሶ መልሱ አማካይ 12 እንዲሆንልህ ብትፈልግ፣ በስንት መውረድ አለብህ?

ጉልበቴን
18?

ዝናብ_ፈሪ
24። ተማርኩ እኮ።

ጥቁር_ሰሌዳ
በየትኛውም ፍጥነት አይሆንም። 10 ኪሎ ሜትር በአማካይ 12 ለመጨረስ ያለህ ጊዜ 50 ደቂቃ ነው። 50 ደቂቃውን ደግሞ እንጦጦ ጫፍ ስትደርስ ጨርሰኸዋል። ለመውረጃ የቀረህ ዜሮ ሰከንድ ነው።

ጉልበቴን
ዋው። ይሄን ነገር ሥራ ቦታ ወስጄ ሰው ላስጨንቅበት ነው።

ቀስ_በቀስ
ይህ ነገር ለታላቁ ሩጫ ቀጥታ ይሠራል፣ ስለዚህ @ሰኞ_እጀምራለሁ ልብ በይ። ዘና ብሎ የሚሮጠው ሕዝብ መሃል ከገባሽ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች አትሮጫቸውም፣ ትገፊያቸዋለሽ። ጭፈራ አለ፣ ጥሩምባ አለ፣ ፎቶ የሚነሳ አለ፣ ውኃ የሚረጭ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዳቸው 7 ደቂቃ ቢወስዱብሽ 14 ደቂቃ ሄደ። ለቀሪው 8 ኪሎ ሜትር 46 ደቂቃ ነው ያለሽ፦ 5.75፣ ማለትም በኪሎ ሜትር 5:45። ያ ደግሞ 5 ብቻ ስትሮጪ የምትሮጪበት ፍጥነትሽ ነው ለማለት ይቻላል። በኪሎ ሜትር አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የጠፋው፣ ሁለት ጊዜ፤ ግን ለመመለስ 8 ኪሎ ሜትር ሙሉ በየኪሎ ሜትሩ 15 ሰከንድ መቆጠብ አለብሽ። ስለዚህ በጠዋት ሂጂና በተመደብሽበት ቡድን ውስጥ ከፊት ቁሚ። ወይ ደግሞ ሰዓቱን ትተሽ ጨፍሪ፤ እሱም ያምራል።

የጃንሜዳ_ልጅ
ስታዲየም ለምትሠሩ እኔም ልጨምር። መሙ 400 ሜትር የሚሆነው በመጀመሪያው፣ በውስጠኛው መስመር ላይ ነው። 8ኛው መስመር አንድ ዙር 454 ሜትር ገደማ ነው። ጓደኛዬ ግፊያ ስለማይወድ ዳር ዳሩን ነው የሚሮጠው፤ 12 ዙር ተኩል ቆጥሮ «5 ኪሎ ሜትር በ32 ደቂቃ» እያለ ሲያዝን ነበር። 12.5 × 454 = 5,675 ሜትር ነው የሮጠው። ከ5 ኪሎ ሜትር 675 ሜትር አልፏል።

ጥቁር_ሰሌዳ
እዚህ ላይ እንዲያውም የወንድምየው ቀጥታ ሬሾ ያለ ችግር ይሠራል፤ 5.675ና 5 ስለሚቀራረቡ ፍጥነቱ ብዙም አይለወጥም። 32 × 5 ÷ 5.675 ወደ 28:12 ገደማ ነው። ለጓደኛህ ንገረውና ደስ ይበለው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
እኔ ደግሞ ጥር ላይ ለጥምቀት አገር ቤት እመጣለሁና አዲስ አበባ 10 ኪሎ ሜትር ልሮጥ አስቤያለሁ። እዚህ ሜሪላንድ 50 ደቂቃ ነው የምገባው። እዚህ ያለነው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ሳንል ነው፣ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አነበብኩ፤ እዚያ የአየሩ ግፊት እዚህ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ 50ን በ4 አባዝቼ ለ3 ላካፍለው? 66 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ?

የጃንሜዳ_ልጅ
ሳንባ ሬሾ አያውቅም ወንድሜ። ና ብቻ።

ቀስ_በቀስ
@ሲልቨር_ስፕሪንግ እንደዚያ አይባዛም። አየሩ በሩብ ሲሳሳ ፍጥነትህ በሩብ አይቀንስም፤ ሰውነት ያካክሳል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብም ይፈጥናል፣ ሲቆይ ደሙም ይለወጣል። 50 አትገባም፣ 66ም አትገባም፤ በመሃሉ ነህ፣ የትኛው ጋ እንደሆንክ ደግሞ የሚወስነው ከመጣህ ስንት ቀን እንደቆየህ ነው። ከኤርፖርት በቀጥታ ከሄድክ ደረጃ መውጣትም ያስተነፍስሃል። ሰዓት አትያዝ፤ እያወራህ መሮጥ በምትችልበት ልክ ሩጥ።

ጥቁር_ሰሌዳ
ሁለት ነገር አብሮ ስለቀነሰ ብቻ ተመጣጥኖ ቀነሰ ማለት አይደለም። ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው ይሄ፤ ጥያቄው ውስጥ ሦስት ቁጥር ካዩ ወዲያው አመሳቅለው ያባዛሉ።

ሰኞ_እጀምራለሁ
ስለ ካሎሪም ከጥያቄዎቼ ጋር አስቤ ነበር። እኔ 60 ኪሎ ነኝ፣ ወንድሜ 80። ሁለታችንም 5 ብንሮጥ እኩል ነው የምናቃጥለው?

ቀስ_በቀስ
አይደለም፣ በክብደታችሁ ልክ ነው። ለሩጫ በግርድፉ የሚያዘው፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1 ኪሎ ካሎሪ ነው። አንቺ 60 × 5 = 300፣ እሱ 80 × 5 = 400። የክብደታችሁ ንጥጥር 3 ለ 4፣ የካሎሪውም 3 ለ 4። ደስ የሚለው ፍጥነቱ ብዙ ለውጥ አለማምጣቱ ነው፤ 5 ኪሎ ሜትሩን በ28 ደቂቃም ሮጥሽው በ35፣ ተቀራራቢ ነው። በደቂቃ ሲታይ ግን ፈጣኑ ብዙ ያቃጥላል፣ ሰው የሚምታታበት እዚያ ጋ ነው።

ዝናብ_ፈሪ
ስለዚህ ታክሲ ያመለጠው ወንድምሽ ካንቺ በላይ ያቃጥላል።

ሰኞ_እጀምራለሁ
@ዝናብ_ፈሪ ለእሱ እንዳትነግረው።

የመጨረሻ ጥያቄ። ከውጭ የመጣ የሯጭ መጠጥ ዱቄት ሰጥተውኛል፣ ጣሳው ላይ 30 ግራም ለ500 ሚሊ ሊትር ይላል። እኔ በ2 ሊትር ሃይላንድ አዘጋጅቼ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ውስጡ ያለው ማንኪያ 15 ግራም ነው የሚይዘው።

ጥቁር_ሰሌዳ
ይህ ንጹህ ወደር ነው፣ ምንም ተንኮል የለበትም። 2,000 ለ500 ሲካፈል 4፤ 4 × 30 = 120 ግራም፤ ለ15 ሲካፈል 8 ማንኪያ።

ቀስ_በቀስ
ጠፍጣፋ ማንኪያ፣ የተከመረ አይደለም። በቢላ ጀርባ አስተካክዪው። የተከመረ ማንኪያ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ሊይዝ ይችላል፤ 8 ጊዜ ሲደጋገም የ3 ሊትሩን ዱቄት 2 ሊትር ውስጥ ከተትሽ ማለት ነው። «ቢበዛ ያበረታኛል» ብለሽ እንዳታስቢ፤ ሲወፍር ሆድ ውስጥ ይቆማል፣ 6ኛው ኪሎ ሜትር ላይ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ትገቢያለሽ። መስመሩ ላይ ደግሞ ብዙ የለም።

ጉልበቴን
2 ሊትር ይዘሽ ልትሮጪ ነው እንዴ? 60 ኪሎ የነበርሽው 62 ልትሆኚ ነው፣ ካሎሪውን እንደገና ሥሪው።

ሰኞ_እጀምራለሁ
ኧረ ፍሪጅ አልኩ እኮ! ይዤ የምወጣው የግማሽ ሊትሯን ነው። 2 ማንኪያ፣ ጠፍጣፋ።